አባባ የሚሠራው ደረጃ

መስከረም 18

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም፦

እንደምን ሰነበትሽ? አባባስ እንዴት ነው? ጉልበቱ ተሻለው ወይስ አሁንም "ምንም አልሆንኩም" ነው የሚለው? እኔ ደህና ነኝ። "ደህና ነኝ" ስልሽ ደግሞ ዓይንሽን አጥብበሽ እንዳታዪኝ፣ ከምሬ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ያልመለስኩልሽ ሰንፌ አይደለም፤ የጠየቅሽኝ ነገር አስጨንቆኝ ነው። "የኦፕራሲዮኑን ቀን ብቻ ንገሪኝ፣ አባባ አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኛል" ብለሻል። ቀን የለውም፣ እታለም። ትቼዋለሁ።

በይ እንግዲህ ሳትጮሂ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። የመጀመሪያውን ከሠሩልኝ በኋላ ሐኪሙ አስቀምጦ በግልጽ ነገረኝ። ገና ሁለት ጊዜ መቀደድ አለ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ከወገብ በታች በጀሶ ታስሮ መተኛት ነው። "ከዚያስ እሄዳለሁ?" አልኩት። "ከአልጋሽ እስከ በሩ፣ በብረትና በምርኩዝ፣ እሱም ከሆነልሽ" አለኝ። ቅን ሰው ነው፣ አልሸነገለኝም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሳልነግራችሁ ያመለከትኩበት አንድ ትምህርት ቤት "ተቀብለንሻል" ብሎ ጻፈልኝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው የሚያስተምሩት። ዘንድሮ ካልጀመርኩ ቦታው ለሌላ ይሄዳል፤ ለሕክምና የተሰጠኝ የመኖሪያ ፈቃድም ወደ ተማሪ ካልዞረ ጊዜው ያልቃል።

አወጣሁ አወረድኩ። ከአልጋ እስከ በር ለመራመድ ዓመቴን ከምሰጥ፣ በዊልቸሬ ከበሩ ወጥቼ ልሂድ አልኩ።

ያጎታችን ልጅ ሰምቶ አኩርፎኛል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እንደምታውቂው ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰርም የለውም፤ ወደ ውጭ የምወጣው እሱ በጀርባው ተሸክሞኝ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም፤ ግን "ትንሽ አየር ልውሰድ" ባልኩ ቁጥር "እሱ ሲመጣ" ትለኛለች። ፀሐይ ልሙቅ? እሱ ሲመጣ። ፀጉሬን ልቆረጥ? እሱ ሲመጣ። ሕይወቴ በሙሉ "እሱ ሲመጣ" ሆነ፣ እታለም።

ለአባባ ግን አትንገሪው። የምነግረው እኔ ነኝ። በስልክ እንደማይሆን ታውቂያለሽ፤ ጆሮው በግንበኝነቱ በድንጋይ ጠረባ ጩኸት ካለቀ ወዲህ "ደህና ነሽ? ደህና ነኝ! ደህና ነሽ?" ብሎ ስልኩን ላንቺ ይወረውራል። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።

እህትሽ ድንቢጥ


ጥቅምት 9

ለድንቢጥ፦

ሰላምታ አልሰጥሽም ብዬ ነበር፤ ሰላምታ የእግዜር ነው ብዬ ተውኩት። እንደምነሽ?

ሁለት ቀን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ሰነበትኩ። የደንበኛዬን ፀጉር ስጠቀልል እጄን አክብጄ ኖሮ "ኧረ እባክሽ ጭንቅላቴን ተይልኝ" አለችኝ። መማርሽ አልነበረም ያናደደኝ። ትምህርትማ አባባም ይወዳል። ሳትነግሪን ቆርጠሽ መጨረስሽ ነው። እኛ ምንሽ ነን? እንዲህ ያለ ነገር ከተወሰነ በኋላ ነው ለእህት የሚነገረው?

ስለ ጉልበቱ ጠይቀሽኛል። "ሕመሙ ድራሹ ጠፍቷል" ይላል። ውሸቱን ነው፣ ተደብቆ ሲያሸው አየዋለሁ።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ ስሚ፤ አንቺስ መቼም ተቀምጠሻል። (ይቅርታ፣ ስናደድ ምላሴን አልቆጣጠርም። አንቺ ደግሞ ከማንም በላይ በራስሽ ትቀልጂያለሽ።) አባባ ፎቅ ጀምሯል። አዎ፣ እዚሁ ቤታችን ላይ። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በደህና ማለቁን የሰማ ዕለት ነው አሸዋና ብሎኬት ያስመጣው። እንዳትሰሚበት ብሎ አስምሎኛል፣ ሊያስደንቅሽ ነው። ሲሚንቶ ከሚያቦካለት አንድ ሰው በቀር ማንንም አያስነካም። "አርባ ዓመት ለሰው ልጆች ደረጃ ስሠራ ኖሬ ለራሴ ልጅ አንድም አልሠራሁ" ይላል። እውነቱን ነው። አንቺ መዳህ ስትጀምሪ የበሩን ደፍ በመዶሻ አፍርሶ ሜዳ ያደረገው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ግቢ አንድ ከፍታ አልተሠራም። አሁን ከግቢው ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ አውጥቶ፣ ከላይ መስኮቱ ወደ መንገድ የሆነ ክፍል ሊሠራልሽ ነው። "ቆማ ስትመጣ ከላይ ሆና ሰፈሩን ትየው" ይላል።

እንዴት አድርጌ ልንገረው? ሲሠራ ያፏጫል እኮ። ሲያፏጭ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ!

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው። የሚነግረው ካንቺ ይሁን ብለሻል፣ ይሁን። ግን ቶሎ በይ፤ ግድግዳው እየወጣ ነው።

እታለም


ኅዳር 22

ውድ እታለም፦

ይቅርታሽን ልለምን ብዬ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ልክ ነሽ፣ ሳልነግራችሁ መቁረጥ አልነበረብኝም። "አይሆንም" ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። እናንተ "አይሆንም" ካላችሁኝ ደግሞ እኔ እንቢ የማለት አቅም የለኝም፤ ራሴን ስለማውቀው ነው የሸሸሁት።

ደረጃውን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፌ ተበላሽቷል። እባክሽ እንዲያቆም አንድ ምክንያት ፈልጊለት። ሲሚንቶ ጠፋ በይው፣ ዝናብ ይመጣል በይው።

"ማን ያጥብልሻል? ማን ያበስልልሻል? ብትወድቂስ ማን ያነሳሻል?" በስልክ ላልሽኝ፦ እኔ፣ እኔ፣ እኔ። ካጎታችን ልጅ ቤት ወጥቻለሁ። የተከራየሁት አንዲት ምድር ላይ ያለች ክፍል ናት፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ። ግድግዳዋ ከማሽኖቹ የተነሳ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። አንዴ መታጠቢያ ቤት፣ አንዴ አልጋዬ ሥር። ሁለቴም በክንዴ ተስቤ ወጣሁ፤ ከዚያ ለብቻዬ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ያጎታችን ልጅ ዕቃዬን ሲያመጣልኝ ክፍሏን ዞር ዞር ብሎ አየና "ጀርባዬ ይሄን ያህል ጎረበጠሽ?" አለኝ። ሰው ለውለታው ምን ይባላል?

ትምህርቱን ግን ብታይው! ሰም፣ ጀሶ፣ ቀጭን ቀጭን መቅረጫ። የአባባ ሙያ ነው፣ ለአፍ የሚሠራ ልስን በይው። የመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ቆሞ ለሚሠራ ሰው የተሠራ ነበርና ከአገጬ በላይ ብቻ ነው የሚታየው። መምህራችን ይሄን አየ። በሌላው ሳምንት ስገባ የጠረጴዛውን እግር በመጋዝ አስቆርጦ ጠበቀኝ። "እግር ማጠር እኔ ጋ አዲስ ነገር አይደለም" ብዬ ቀለድኩ። ቋንቋቸው ገና ስላልገራልኝ አንድም ሰው አልሳቀም።

ከዚህ ጋር ለአባባ የጻፍኩት አለ። ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ ሐኪሙ ያለኝን፣ የመረጥኩትን፣ ፎቁንም እንደሰማሁ። ብዙ ሳልጽፍ፣ ባጭሩ ነው። ጆሮው ሥር ሆነሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። አደራ። ከዚያ ቢረግመኝም ቢመርቀኝም ያለውን ጻፊልኝ።

ድንቢጥሽ


ጥር 6

ድንቢጥ፣ እህቴ፦

እንደምን ከረምሽ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ልበል።

ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ደብዳቤሽ እንደደረሰ ያንኑ ቀን ይዤው ወጣሁ። አባባ ከሥራ ወርዶ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ እጁ ላይ ሲሚንቶ ደርቆ። "ድንቢጥ ጻፈችልህ" ስለው ኮፍያውን አወለቀ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የደረሰ ይመስል። ጆሮው ሥር ሆኜ ማንበብ ጀመርኩ። ሰላምታውን አነበብኩለት። "ጉልበትህን እንዴት ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ" የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀ። ቀጥሎ "አባባ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" የሚለው መጣ። ቀና ስል ዓይኑ ከንፈሬ ላይ ነው። "ቀጥይ እንጂ" አለኝ።

ቀጠልኩ። ግን አንቺ የጻፍሽውን አይደለም። "ሁለተኛውም ኦፕራሲዮን ተሳካልኝ፣ ቀስ በቀስ መቆም ጀምሬያለሁ" ብዬ አነበብኩለት። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። ወረቀቱን ትክ ብዬ እያየሁ ነበር የማወራው።

አለቀሰ። እናታችን የሞተች ቀን እንኳ ከሰው ተደብቆ ነው ያለቀሰው፤ ያን ቀን ግን እዚያው ተቀምጦ፣ ያ ሲሚንቶ አቡኪው እያየው። ከዚያ ተነስቶ እንደገና ወደ ሥራው ወጣ።

ዛሬን ብቻ ደስ ይበለው፣ ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። በማግሥቱ ግን ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ሰው "እንኳን ደስ ያለህ" እያለው እንዴት አድርጌ? እኔ አንቺን አልሆንኩም፤ አንቺ ሩቅ ነሽ፣ ፊቱን አታዪም። ብትሰድቢኝ እቀበላለሁ።

እታለም


የካቲት 3

እታለም፦

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

አልሰድብሽም፣ ግን ልቤ አርሯል። የኔን እውነት ወስደሽ ያንቺን ውሸት አስገባሽበት፣ ያውም በኔ ስም! እኔ እኮ ስንት ሌሊት አምጬ ነው የጻፍኩት። የእግሬን ጉዳይ እዚህም እዚያም ሌላ ሰው ከወሰነልኝ ታዲያ ለምን ወጣሁ?

ደግሞ እኔስ? ደብዳቤሽን አንብቤ እንደጨረስኩ ደወልኩለት። ጮኼ ልነግረው ነበር። አንቺ ስልኩን ስትሰጪው ድምፄን ሰማና ሊያስደንቀኝ የደበቀውን ረስቶ "ደረጃው አለቀ! ሰማሽ? ደረጃው አለቀ!" አለኝ። ፊቱን አታዪም ብለሽኛል፤ ድምፁን ሰማሁት። "ደህና ነኝ፣ አባባ" አልኩት። ስልኩን ዘጋሁት። ስለዚህ አሁን ውሸቱ የሁለታችን ነው።

ለክረምት ዕረፍት እመጣለሁ። ቆርጫለሁ። ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን እንኳ ድፍረቱ ከመጣልሽ ንገሪው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እያደር ምን ያህል እንደሚያስከፍል አይነግሩሽም።

ድንቢጥ


ሚያዝያ 20

ድንቢጥዬ፦

እንደምነሽ? ፈተናው አለፈልሽ? "ነገርሽው?" ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። አልነገርኩትም። ስንት ቀን ልነግረው ወጥቼ ቡናውን ሰጥቼው ተመለስኩ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር አደረገ። ያለቀውን ደረጃ መልሶ አፈረሰው። ደንግጬ "ምን ሆነህ ነው?" ስለው፣ "ለጤነኛ ሰው ነው የሠራሁት፣ የሷ እግር ገና አሁን የዳነ ነው" አለኝ። እንደገና እየሠራው ነው፣ እያንዳንዱን ደረጃ ዝቅ ዝቅ አድርጎ። መሐል ላይም እንድትቀመጪበት ሰፋ ያለ ማረፊያ አውጥቶለታል። እጀታውን በአሸዋ ወረቀት ሲያለሰልስ ይውላል።

ይሄን ሳልጽፍልሽ ልቀር ነበር። ብቻዬን ስሸከመው ከበደኝ።

እታለም


ነሐሴ 27

ውድ እታለም፦

በሰላም ገብቻለሁ። ዕቃዬም አልጠፋም። የሰጠሽኝን ሻርፕ ለብሼ ነው የምጽፍልሽ።

"ምነው ስትሄጂ አላለቀስሽም?" ብለሻል። መኪናው ከሰፈር እስኪወጣ ጠብቄ ነው ያለቀስኩት። ሹፌሩን ጠይቂው።

ከተመለስኩ ጀምሮ ያቺ ግቢያችን የገባሁባት ቀን ከዓይኔ አልጠፋም ትላለች። አንቺ ወንበሬን ይዘሽ ከኋላዬ ነበርሽ፤ እኔ ግን ፊቱን ነው ያየሁት። ከላይ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ፣ ኮቱን ቆልፎ ቆሞ። ዊልቸሩን ሲያይ እኮ አልከፋውም። ከመንገድ ስለመጣሁ ደክሞኝ የተቀመጥኩ ነው የመሰለው። "ተነሺ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ፣ እጀታውን ያዢ" አለኝ። "አባባ፣ አልችልም። ኦፕራሲዮኑን ትቼዋለሁ" አልኩት። አልሰማኝም። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "ምን?" አለ። ጮኼ ደገምኩት። አሁንም አልሰማም። በሦስተኛው ሰማኝ፤ ጎረቤቱም ሁሉ ሰምቶ ነበር፤ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያየን የነበረው ጎረቤታችን አናጢው አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለ ነገር በጩኸት ይነገራል? በጆሮው ልነግረው የሚገባኝን ነገር ለሰፈር አወጅኩበት።

ወረደ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተንበረከከና "ነይ" አለኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንደሚያደርገው። እንቢ ማለት ነበረብኝ። ልጅ አይደለሁም፣ እሱም ያኔ የነበረው ሰው አይደለም። ግን ጀርባውን ካየሁ በኋላ እንቢ ማለት አቃተኝ። ያ ለኔ የሠራው ያልሽኝ ማረፊያ ጋ ስንደርስ ከወገቡ አንድ ነገር ሲንቋቋ ሰማሁ። ተቀመጠ። እኔም ጎኑ ተቀመጥኩ። አንቺ እየሮጥሽ እስክትመጪ ድረስ እጁ እጄ ላይ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አብረን አይተነዋል። "እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ዋልሽ" እንጂ ሌላ ነገር አልወጣውም። ሊያናግረኝ ያልፈለገ አፉን ግን ከፈተልኝ። ለወለቁት ጥርሶቹ ልክ ልውሰድ ስለው ወንበሩን ራሱ አቀረበ። ጀሶው አፉ ውስጥ እስኪደርቅ ድረስ ፊት ለፊት ተፋጠን ተቀመጥን። እንባው ወረደ። ጀሶው አስጨንቆት ይሁን እኔ እንጃ።

ትምህርቱን አልጸጸትበትም፣ እታለም። ይሄን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ዛሬም ቢያስመርጡኝ ትምህርቴን ነው የምመርጠው። የሚቆጨኝ ያ መስከረም ነው። ያኔ ግድግዳው ገና አልወጣም ነበር። "ትንሽ ጊዜ ስጪኝ" አልኩሽ፤ የወሰድኩት ጊዜ የኔ አልነበረም፣ የሱ ነበር። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። አይታፈስም ብዬ መቀመጥም አልቻልኩም።

ጥርሱን እየሠራሁለት ነው። መምህሩ በትርፍ ሰዓቴ ክፍሉን ይከፍትልኛል። ሲያልቅ እልከዋለሁ። ወገቡን ሐኪም አየው? የሆነውን ንገሪኝ፣ እባክሽ አታሳምሪልኝ።

ድንቢጥ


ጥቅምት 15

ለድንቢጥ፦

እንደምን አለሽ? ጥርሱ ደርሷል። ወገቡንም ሐኪም አይቶታል። አታሳምሪ ብለሻል፣ አላሳምርም፦ ከእንግዲህ ከባድ ነገር አያነሳም። ጎንበስ ሲል ቀና ለማለት ሰው ይፈልጋል። የግንበኛ ማንኪያውን አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ፎቁን ቆልፎታል። አንድ ሰው ሊከራየው መጥቶ "አይከራይም" ብሎ መለሰው።

ከዚህ በታች ያለው የራሱ ቃል ነው። ትናንት አስቀምጦ አስጻፈኝ፣ ጣቴን ጣቴን እያየ። ስጨርስ ደግሞ አናጢውን ጠርቶ "በል አንብብልኝ" አለው። ፊቴ ላይ። ደብዳቤሽን ለውጬ እንዳነበብኩለት ካወቀ ወዲህ አያምነኝም፤ ይገባኛል። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም።

"ድንቢጥ፣ ልጄ። ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጥርሱን አደረግኩት። የላይኛው ትንሽ ይፍቀኛል፣ የታችኛው ልክ ነው። እጅሽ ጥሩ ነው። ልስን ታውቂያለሽ።

ስለ እግርሽ የምልሽ የለኝም። እግሩ ያንቺ ነው። እኔ የላክሁሽ እንድትድኚ ነበር፣ አልሆነም፣ ትምህርት ሆነ። ትምህርትም ጥሩ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የኔ ልጅ ወንበሯ ላይ ሆና ጥርስ ትቀርጻለች፤ እኔ እዚህ ለማላውቃት ልጅ ቤት እሠራለሁ። ስሟ ያንቺ ነው፣ ፊቷ ያንቺ ነው፣ ደረጃ ትወጣለች። እሷን አላውቃትም። አንቺን ነው የማውቀው።

እህትሽን አትቆጫት። እኔ ተቆጥቻታለሁ፣ ይበቃታል።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ከአጥሩ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ጥሩ አንድ ክፍል ይወጣዋል። ደፍ አይኖረውም። የወንበርሽን ወርድ ለኪና ላኪልኝ፣ በሩን በሱ ልክ እናወጣዋለን። ስትዞሪበት ስንት ቦታ እንደሚፈልግም ለኪ። በግምት እንዳትልኪ። ግንበኛ ይዣለሁ። ቱንቢ አያያዝ አያውቅም፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እየሰደብኩ አሠራዋለሁ።

አምና ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ በገዛ እጄ እሠራልሽ ነበር።"